ጋሽ ኪሩ ወፍ አይለውጡም

በየሰፈሩ ነገር ሲቀልለት የሚታመም አንድ ሰው አለ። ሊፍት እያለ በደረጃ የሚወጣ፣ መንገድ ከመጠየቅ መጥፋትን የሚመርጥ፣ የተላጠ ብርቱካን ቢሰጡት እንደ ስድብ የሚቆጥር። እናንተም ሰፈር አይጠፋም። ከጠፋ ራሳችሁን ጠርጥሩ።

የጉለሌው ተወካይ ክቡር ጋሽ ኪሩ ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ አውቶቡስ ሲነዱ፣ ሕዝቡን ካሰበበት ሲያደርሱ ኖረው ጡረታ ወጡና አሁን እሳቸውን ማንም እንዲያደርሳቸው አይፈቅዱም። የታክሲ ሰልፍ ላይ «አባት፣ ወደ ፊት ይለፉ» ያላቸው ወጣት ወዮለት፤ ተቆጥተው ወደ ኋላ ይሄዳሉ። አንድ ጊዜ የቀድሞ ባልደረባቸው አርፎ፣ ለቅሶ ቤቱን ማንንም ሳይጠይቁ ሊያገኙ ወጡ። ድንኳን አዩ፣ ገቡ፣ ከልባቸው አለቀሱ፣ ንፍሮም ቀመሱ። ሟች ሴት መሆኗን ያወቁት ፎቶዋ ሲወጣ ነው። «ቢሆንም ራሴ ነኝ ያገኘሁት» ብለው ወጡ ይባላል።

እንግዲህ «ጎጆ» የተባለውን የስልክ ጨዋታ የጀመሩት እኚህ ሰው ናቸው። ጨዋታው ከባድ አይደለም። ስልክ ይዞ መዞር ነው፤ ካርታው ላይ ወፍ ብቅ ስትል ሳይነቃነቁ ቆሞ መጠበቅ፣ ከቀረበች ጎጆ ውስጥ ማስገባት። ወፎቹ እንደ ቦታውና እንደ አየሩ ጠባይ ይለያያሉ። በእያንዳንዷ ወፍ ግርጌ መጀመሪያ ያገኛት ሰው ስም ይጻፋል፤ ወፏ ከእጅ ወደ እጅ ብትዞር ስሙ አይነቀልም። አዎ፣ ትዞራለች። ወፍ በወፍ መለዋወጥ ይቻላል። ጋሽ ኪሩን እንቅልፍ የነሳቸውም ይኸው ነው።

ከቤታቸው ትይዩ ጸጉር ቤት ያላት ሐመልማል ጎጆዋን የሞላችው ከወንበሯ ሳትርቅ ነው። ጭልፊቷን ጸጉሯን ልታደርቅ ካስክ ውስጥ ከተቀመጠች ደንበኛ ለወጠች፤ እርኩሟን ከጎረቤቷ ባለሱቅ ከሳቢት አገኘች። በራሷ ያገኘቻት ወፍ አንዲት ተራ እርግብ ናት፤ ጨዋታውን ስልኳ ላይ በጫነችበት ቀን በሯ ላይ መጥታ ቆመችላት። ሌላው ሁሉ የሰው ስም አለበት።

«ይቺን አንቺ ነሽ ያገኘሻት?» ይሏታል ጋሽ ኪሩ፣ መነጽራቸውን ገፋ አድርገው።

«ለወጥኳት፣ ጋሼ።»

«ላብሽ የታለ?»

ይቺ «ላብሽ የታለ?» የማትገባበት ቦታ የለም። የተፈጨ በርበሬ ለገዛችም፣ ልጇን በባጃጅ ለላከችም ትደርሳለች።

ሳቢት አንዳንድ ቀን ይከራከራቸዋል። «ጋሼ፣ እኔ ሁለት ጅግራ አለኝ፤ እሷ ሁለት ቆቅ አላት። ብንለዋወጥ ምኑ ላይ ነው ጥፋቱ?»

«ቀለለ! እንዲህ በቀላሉ የሚሞላ ምን ጎጆ ነው? መጋዘን በለው።»

«መጋዘንም እኮ በቀላሉ አይሞላም፣ ጋሼ» ይላል ሳቢት፣ የነጋዴ ልቡ ተነክቶ።

ሐመልማልም በውስጧ ከሳቢት ጋር ናት። ማን ምን እንደጎደለው ማስታወስ፣ ማባበል፣ የአንዷን ኩርፊያ በሌላዋ ወፍ ማብረድ፣ ይሄ ሁሉ ሥራ አይደለም እንዴ? ግን ለእሳቸው አትመልስም፤ ሲናደዱ ሳል ያንቃቸዋል፣ ያሳዝኗታል። አንድ ቀን ግን ክርክሩ ሲጠና ጋሽ ኪሩ በሩ ላይ ቆመው ዐዋጅ አወጡ።

«ስሙኝ! ኪሩ በሕይወት እያለ ወፍ አይለውጥም። ከእኔ የልውውጥ ጥሪ የመጣላችሁ ቀን ድንኳን ትከሉ!»

ሁሉም ሳቀ። ሐመልማልም ስቃለች።

የጋሽ ኪሩም የሐመልማልም ጎጆ አንድ ወፍ ብቻ ይጎድለዋል፤ የጉም ጉጉት። ይህች ጉጉት ጉም ሲወርድ ብቻ፣ እሱም ከፍ ብሎ እንጦጦ ጥግ ላይ ካልሆነ አትታይም። ጋሽ ኪሩ ክረምቱን ሙሉ ከቁስቋም ማርያም በላይ ያለውን ጫካ ሲያስሱ ከረሙ። ሐመልማል ሌላ ሰው እስኪያገኛት ወንበሯ ላይ ሆና ጠበቀች።

የነሐሴው ጉም ሲወርድ እንዴት እንደሆነ የጉለሌ ሰው ያውቀዋል። መጀመሪያ ተራራውን ይውጣል፤ ቀጥሎ ዛፉን፣ ቀጥሎ ማዶ ያለውን በር። እንዲህ ጉም በወረደበት አንድ ቀን ፍልሰታ ሊፈታ ተቃርቦ ጸጉር ቤቱ ተጨናንቆ ነበር። ቀትር ላይ ሐመልማል አንዷን ካስክ ውስጥ አስገብታ ዞር ስትል ስልኳ አፏጨ፤ የጨዋታው የልውውጥ ጥሪ ፉጨት ነው።

«ኪሩ ይጠራሻል። ትመልሻለሽ?»

 እናቷ በልጅነቷ የነገሯት ነገር ወዲያው መጣባት፤ የማታዪው ሰው በስምሽ ሲጠራሽ «አቤት» እንዳትዪ፤ ሦስተኛውን ጠብቂ፤ ሰው ያልሆነ ሦስተኛ አይጠራም። የተማረች ሴት ናት፣ በእንዲህ ያለ ነገር አታምንም። ግን አልመለሰችም። በመስኮቱ ወደ ጋሽ ኪሩ በር አየች፤ በሩ የለም፤ ነጭ ጉም ብቻ ነው። ጥሪው ትንሽ ቆይቶ ጠፋ። ጣታቸው ስቶ ይሆናል አለች።

ሁለተኛው የመጣው የሌላዋን ራስ ስታጥብ ነው። ያው ፉጨት፣ ያው ጽሑፍ። ፊቷን ያየችው ደንበኛ «ምነው፣ መርዶ ነው?» አለቻት። ጥሪው ሲጠፋ ፎጣ እንደያዘች መንገዱን ተሻገረች። የጋሽ ኪሩ በር ተቆልፏል። ደወለችላቸው፤ ያቺ የታወቀችው ድምፅ ደንበኛውን ማግኘት እንደማይቻል ነገረቻት። ማንኳኳቷን ስታቆም ከውስጥ ደግሞ የሆነ ነገር የሰማች መሰላትና ወደ ኋላዋ ሸሸች።

የደንበኞቿን ጸጉር እንደምንም ጨርሳ ሳቢት ሱቅ ስትገባ ሊመሽ ትንሽ ቀርቶታል። በነገር ሁሉ የሚስቀው ሳቢት አልሳቀም።

«ድንኳን ትከሉ ነው እኮ ያሉት» አለ ቀስ ብሎ።

«ዝም በል፣ ሳቢት።»

ያኔ ሦስተኛው መጣ። ስልኩ ባንኮኒው ላይ አፏጨ፣ ሁለቱም ክው አሉ። ሐመልማል ለማይታይ ሰው «አቤት» አለችና ስልኩን ነካችው።

ጉጉቷ ወጣች። ግራጫ ናት፣ ዓይኗን አትጨፍንም። ግርጌው ላይ «ያገኘው፦ ኪሩ» ይላል። በምትኩ ምን እንደሚፈልጉ በሚጻፍበት ቦታ ደግሞ «የፈለግሽውን» ተብሏል። ሐመልማል ጎጆዋን ከፍታ ወፎቿን አንድ በአንድ አየች። ለእኚህ ሰው፣ ሞተውም ቢሆን፣ የሌላ ሰው ስም ያለባት ወፍ እንዴት ትሰጣለች? እርግቧን ላከች።

ልውውጥ ሲጸድቅ ጨዋታው ሁለቱ ሰዎች ያሉበትን ቦታ ለጥቂት ሰዓት ያሳያል። የጋሽ ኪሩ ነጥብ ከቁስቋም በላይ፣ ጫካው መሀል ናት። አትንቀሳቀስም።

ሳቢት ሱቁን ዘግቶ የእጅ ባትሪ ያዘ። የቤተ ክርስቲያኑን አጥር አልፈው ባሕር ዛፉ ውስጥ ሲገቡ የራሳቸው ኮቴ ራቅ ብሎ የሚመጣ ይመስላል። ዛፉ ያንጠባጥባል። ከማዶ ጅብ አንድ ጊዜ ጮኸና ዝም አለ። ሐመልማል በጸጉር ቤት ነጠላ ጫማዋ ስትንሸራተት፣ በጉልበቷ ስትወጣ፣ ላቡ ከዛፉ ጠብታ ጋር ዓይኗ ውስጥ ይገባል። ፈርታለች። ከፍርሃቷም በላይ ግን ለሁለቱ ጥሪዎች ዝም ማለቷ እያንገበገባት ነው፤ ያኔውኑ መልሼ ቢሆን ኖሮ ትላለች።

ነጥቧ ላይ ደረሱ። በካርታው መሠረት ጋሽ ኪሩና እነሱ አንድ ቦታ ላይ ቆመዋል። ሰው ግን የለም። ባትሪው ቅጠልና ጉም ብቻ ያሳያል።

«ጋሽ ኪሩ!» አለች።

ዝም።

«ጋሽ ኪሩ!»

ዝም። ሳቢት በከንፈሩ ዱዓ ጀመረ።

«ጋሽ ኪሩ!» እንባዋ መጣ።

«አቤት!» የሚል ድምፅ ከእግራቸው ሥር ወጣ።

ጎርፍ የቆረሰው ገደል ውስጥ፣ ቁጥቋጦ ሥር፣ እግራቸው ታጥፎ ተቀምጠዋል። ስልኩን በሁለት እጃቸው ደረታቸው ላይ አቅፈውታል።

«አጠገብዎ ሆነን ስንጮህ ለምን አይመልሱም?» ብላ ጮኸችባቸው፤ በሕይወቷ ጮኻባቸው አታውቅም።

«ሰው መሆናችሁን በምን አውቄ?» አሉ ጋሽ ኪሩ፣ ጥርሳቸው እየተንገጫገጨ። «ሦስተኛውን ነው የጠበቅሁት።»

ሳቢት ወርዶ አዘላቸው። ባትሪው ሐመልማል ፊት ላይ ሲያርፍ አተኩረው አዩዋት፣ ትንፋሿ ተቆራርጧል፣ ጭቃውና ላቡ ባንድ ላይ ይወርዳል።

«ይኸው ላቤ» አለቻቸው።

 ቁልቁለቱን ትንሽ እንደወረዱ ጋሽ ኪሩ አፋቸውን ከፈቱ። «መደወል እምቢ አለኝ። መስመሩ ብልጭ ሲል ያቺ ጥሪ ብቻ አለፈችልኝ። ልውውጥ ግን እንዳይመስልሽ።»

«ይቅር ይበሉኝ፣ ጋሼ። ሁለቴ ሲጠሩኝ ዝም አልኩ።»

«ምን ሁለቴ? እኔ አንዴ ነው የጠራሁሽ።»

«እ... ማለቴ፣ የመጀመሪያው ቀትር ላይ፣ ከዚያ ደግሞ...»

«ቀትር ላይ ቤቴ ተኝቼ ነበር። የወጣሁት ከምሳ በኋላ ነው። ስልኩም ስወድቅ ከእጄ አምልጦ ቅጠሉ ውስጥ ገብቶ፣ ሊመሽ ሲል ያገኘሁት ጉጉቷ ስልኩ ላይ ስትጮህ ሰምቼ ነው። አንዴ ጠራሁሽ፣ በቃ።»

 ሳቢት፣ ሽማግሌ በጀርባው እንደተሸከመ፣ መሮጥ ጀመረ።

እግራቸውን ወጌሻ አሰረላቸው፤ ወጌሻውንም ሲያስተምሩት ነበር። አሁን ከሰዓት ከሰዓት ጸጉር ቤቱ በር ላይ ወንበር ተሰጥቷቸው ይቀመጣሉ። ጎጆአቸውን ላየ ሰው ይከፍቱለታል፤ ኪሩ፣ ኪሩ፣ ኪሩ የሚል የስም መዓት ነው። ጥግ ላይ አንዲት ተራ እርግብ አለች፣ «ያገኘችው፦ ሐመልማል» የሚል የተጻፈባት። ስለ እሷ ሲጠየቁ ወሬውን ወደ ሌላ ወፍ ያዞራሉ፤ ጣታቸውን ግን ከላይዋ ቶሎ አያነሡም።

ሐመልማልስ? ጉጉቷ ገባች፣ እርግቧ ወጣች፣ ጎጆዋ ዛሬም አንድ ይጎድለዋል። ደንበኞቿ ሁሉ እርግብ ሞልቷቸዋል። እሷ ግን ሥራ ሲበርድ ስልኳን ይዛ በሩ ላይ ትቆማለች፤ እርግቢቱም እንደ ክፉ ተበዳሪ ሲፈልጓት አትገኝም።

«ከሳቢት ለውጪ እንጂ፣ ምን አለፋሽ?» ይሏታል ጋሽ ኪሩ። አዎ፣ እሳቸው።

ትናንት ጉሙ ወርዶ ሁለቱ በሩ ላይ ተቀምጠው ሳለ ስልኳ አፏጨ። «ኪሩ ይጠራሻል። ትመልሻለሽ?»

የጋሽ ኪሩ ስልክ ማዶ፣ ቤታቸው ውስጥ፣ ቻርጅ ላይ ነው። ሁለቱም ወደዚያ አዩ። በሩ በጉሙ ውስጥ የለም። ሐመልማል ስልኳን ጭኗ ላይ ደፋችው። ሽማግሌው ወንበራቸውን ጎተት አድርገው ተጠጓት።

«ሐመልማል» አሉ፣ በአፋቸው፣ ቀስ ብለው።

«አቤት» አለች፣ በመጀመሪያው።