በዝናብ ካፖርት የተሻረ ሹም

ሹመትና የክረምት ፀሐይ አንድ ናቸው፤ ብቅ ባሉ ቁጥር እህል የሚያሰጣ ሰው ሞኝ ነው። ይህን የምለው ብዙ ተምሬ አይደለም። ትምህርት ቤት የቆየሁት ስሜን እስክጽፍ ድረስ ነው፤ ከዚያ በሬዎቹ ፈለጉኝ። ወሬም አይሆንልኝም። ልጆቼ ‹‹አባባ የሚናገሩት ዝናብ ሲቀር ብቻ ነው›› ይሉኛል። ታዲያ ሲያትል ዝናብ መቼ ይቀራል?

የልጅ ልጄ ሊያ ለትምህርት ቤት የምታቀርበውን ጽሑፍ ይዛ አጠገቤ ተቀመጠች። ነገሩ በሮማ መንበር ላይ ስላልሰነበቱ ጳጳሳት ነበር። ግማሹን በአማርኛ፣ ግማሹን በእጇ ነገረችኝ። አንዱ በተመረጡ ሁለት ሳምንት ሳይሞላቸው፣ ዘውዱን ሳይደፉ አረፉ። ሌላው ወር አለፍ ብሏቸው ሄዱ። ሊያ አዘነችላቸው። እኔ ግን ቀናሁባቸው። ሁለት ሳምንት ምን አነሰ? የኔ ሹመት እኮ ከተቀመጥኩበት ወንበር እስከ አጥሩ በር ድረስ ነበር።

እኛ አገር ከወንዝ የተጠለፈውን ውሃ ለየማሳው በተራ የሚያካፍል ሽማግሌ አለ፤ የውሃ አባት ይባላል። ሲመርጡህ እሺ አትልም። መጀመሪያ ‹‹ከእኔ የተሻለ አለ›› ትላለህ። ቀጥለህ ‹‹ጉልበቴም ደክሟል›› ብለህ ጤናህን ታማለህ። በሦስተኛው ብድግ ብለህ መንገድ ትጀምራለህ፤ ያን ጊዜ የጋቢህን ጫፍ ይዘው ጎትተው ያስቀምጡሃል። አንተም ‹‹ካላችሁ ምን አደርጋለሁ›› ብለህ ትሾማለህ። ቀልድ አይደለም። ውሃ የጠማው ውሃ አይዳኝም፤ እሺ ለማለት የቸኮለ ሰው አስቀድሞ የሚያጠጣው የራሱን ማሳ ነው።

እኔ በተሾምኩ ዕለት ባለቤቴ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ ‹‹ሦስተኛውን እምቢ ሲሉ ልቤ ቆመ፤ ጋቢው አርጅቷል፣ ሲጎትቱት ቢቀደድስ ብዬ›› አለችኝ። ጎህ ሲቀድ ቦዩን ስከፍተው ውሃው ገለባውንና ጉንዳኑን እያስቀደመ በደረቁ አፈር ላይ ይሄዳል። እሷ ከማሳው ግርጌ ዶማዋን ተደግፋ ትጠብቅና ‹‹ደረሰ!›› ብላ ትጣራለች። ያን ድምፅ የለመደ ጆሮ ሌላ ምን ይጥመዋል? እዚህ ሾርላይን፣ ሲያትል ጥግ ልጄ ቤት፣ ውሃው ቧንቧ ውስጥ ነው። ሲመጣም ሲሄድም የሚጣራ የለም።

ደግነቱ ሬኒየር ቫሊ የሚሉት ሰፈር የአበሻ ሽማግሌዎች የጋራ ጓሮ አለን። ጎመን፣ ቃሪያ፣ ጤና አዳም እንተክላለን። በበጋ፣ ሰው አያምንም እንጂ፣ እዚህም ዝናብ ይቀራል። ያለን አንድ ቧንቧና አንድ ረጅም ጎማ ነው፤ ያን ጎማ ሲነጣጠቁ ስንት ቃሪያ ተረገጠ! ስለዚህ የውሃ ሹም ይመረጥ ተባለና አምና በጸደይ፣ ካፊያ ላይ፣ ተሰበሰብን።

ስብሰባውን የመራችው የጓሮው አስተባባሪ ቤቲ ናት፤ እዚሁ የተወለደች መልካም ልጅ። የመደብ ጎረቤቴ ሐጂ ሰኢድ፣ የወሎ ሰው፣ ‹‹ውሃ የሚያውቅ እሱ ነው!›› ብሎ እኔን ጠቆመ። ሁሉም አጨበጨበ። ያ ‹‹ደረሰ!›› የሚለው ድምፅ ጆሮዬ ላይ መጣ። እውነቱን ልናገር፤ እዚህ አገር ከገባሁ ወዲህ እንደዚያ የፈለግሁት ነገር የለም።

እንግዲህ እንደ ደንቡ ‹‹ከእኔ የተሻለ አለ›› አልኩ። ጤናዬን አማሁ። ቤቲ በሐዘኔታ ራሷን ነቀነቀች። ብድግ አልኩ። ሐጂ ሰኢድ ደንቡን ያውቃልና እጁን ሰደደ። ነገር ግን የለበስኩት ልጄ የገዛችልኝን የዝናብ ካፖርት ነበር። ያዳልጣል። እጁ ተንሸራቶ ባዶውን ቀረ። ‹‹ኧረ በአላህ›› ሊል አፉን ሲከፍት ቤቲ ቀደመችው። ‹‹ኦኬ አባባ! ኖ ካሉ ኖ ነው፤ ማንንም ፎርስ አናደርግም። ሶ፣ ሌላ ሰው?››

ለካ እዚህ ልጅ ሲያሳድጉ እምቢ ያለን አታስገድድ ብለው ነው። ጥሩ ትምህርት ነው፤ ለሽማግሌ ግን አደጋ አለው።

የተነሣ ሰው ተመልሶ አይቀመጥም። እግሬን እየጎተትኩ ወደ በሩ ሄድኩ። ጊዜ ለማግኘት ጎንበስ ብዬ የጫማዬን ማሰሪያ አሰርኩ፤ ጫማዬ ማሰሪያ የለውም። ከኋላዬ ጭብጨባ ሰማሁ። ጋሽ ተፈራ፣ የድሮው ባለታክሲ፣ ‹‹ኦኬ›› ብሎ ተሾሟል። በባቡር ወደ ሾርላይን ተመለስኩ። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይባላል፤ ለመቀመጥ እንኳ ያልደረሰውስ ምን ይባል?

በጋውን ጋሽ ተፈራ ጎማውን እንደ ታክሲው አደረገው፤ ቀድሞ ለጠራ ሁሉ ይልካል። እኔ መጥራት አልወድም፤ ጎመኔ ቢጫ ሆነ። ዝም አይነቅዝም ብዬ ዝም አልኩ።

ዘንድሮ ጋሽ ተፈራ ‹‹በቃኝ፣ ከሰው አጣላኝ›› ብሎ ወረደ። እኔም ቆርጬ ተነሣሁ። ሊያ ‹‹ጀስት እሺ በል፣ አባባ›› ብላ አለማመደችኝ። ሐጂ ሰኢድ እንደገና ጠቆመኝ። ስሜን ጠርቶ ሳይጨርስ ‹‹እሺ!›› አልኩ።

ከጀርባዬ የጓሮው ባልደረባችን ወይዘሮ አስካለ ‹‹ምነው፣ ጠምቷቸው ነበር እንዴ?›› ሲሉ ሰማሁ። ቤቲ ግራ ገባት። ለካ ሐጂ ሰኢድ ዊንተሩን ሙሉ ደንቡን ሲያስተምራት ከርሟል። ‹‹አባባ፣ አሁን እኮ እምቢ የሚሉበት ነው›› አለችኝ ቀስ ብላ። ሐጂ ሰኢድ ካፖርቴን በሁለት እጁ ሊጨብጥ ተዘጋጅቶ እንደቆመ ቀርቷል። ቤቲም፣ እሺ ያለስ ምን ይደረጋል ብላ ጠየቀችው። እሱ ሰው አክባሪ ነው፣ ውሸት ግን አያውቅም፤ አንገቱን ደፍቶ ‹‹ውሃ የጠማው ውሃ አይዳኝም። ራሱ ነው የነገረኝ›› አለ።

ሹመቱ ወደ ወይዘሮ አስካለ ዞረ። እሳቸው ሦስቴ እምቢ ብለው፣ ነጠላቸው ተይዞ፣ አምሮባቸው ተቀመጡ።

ቤት ስገባ ሊያ ሁሉንም ሰማችና የራሴን ሪከርድ እንደሰበርኩ ነገረችኝ። ‹‹ግን አባባ፣ ሦስት ጊዜ መንበሩ ላይ የወጣ ጳጳስም አለ። ሶ፣ አንድ ይቀርሃል›› አለች።

ለሦስተኛው ካፖርቱን ትቼ ጋቢዬን ለብሼ ነው የምሄደው። ዝናብ ያስገባል፤ ግን መያዣ አለው።