ከሶፋው ስር የተጠቀለለው ገመድ

ሰው ቤት ስገባ መጀመሪያ ዓይኔ የሚሄደው ወደ ግድግዳው ስር ነው። ሶኬቱ የት ነው? ገመዱ በየት ዞረ? ምንጣፍ ስር ገብቷል ወይስ በግልጽ ተዘርግቷል? ይህን ሳላጣራ አልቀመጥም። ባለቤቶቹ አይጥ የማሳድድ ይመስላቸዋል። አንዷማ «ኧረ እኛ ቤት ትኋን የለም!» ብላ ተቆጥታኛለች። ምን ላድርግ? አመል ሆነብኝ። እንዴት አመል እንደሆነብኝ ልንገራችሁማ።

ዘመኑ የደርግ ነው። አዋሳ ፒያሳ አካባቢ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ጸሐፊ ነበርኩ። ታቦር ሰፈር፣ እትዬ አበበች ግቢ ውስጥ በደባልነት አንዲት ክፍል ይዤ እኖራለሁ። ክፍሏ አራት እርምጃ ነች። አምስተኛውን ከተራመዳችሁ ጎረቤት ገብታችኋል። አንድ አምፖል አለቻት፤ ሶኬት የሚባል ነገር ግን የለም።

ታዲያ ማርታን ወደድኩ። ወደድኩ ማለት ቀላል ነው። እንቅልፍ አጣሁ፣ እህል አልወርድ አለኝ፣ ቢሮ ውስጥ ማኅተም ገልብጬ መታሁ። አባቷ ጋሽ ጴጥሮስ የክሊኒክ ድሬሰር ናቸው። የወንጌል አማኝ፣ ቁጥብ፣ ቃላቸውን መዝነው የሚያወጡ ሰው። የመሥሪያ ቤታችንን የመዝገብ ቤት ኃላፊ፣ ጋሽ ላንቃሞን፣ ሽማግሌ አድርጌ ላክኋቸው። ሁለት ጊዜ ተመላለሱልኝ። በሁለተኛው ያመጡት መልስ ግን ወገቤን ቆረጠው። ጋሽ ጴጥሮስ፣ ልጄ የምትኖርበትን ቤት በዓይኔ ሳላይ መልስ የለኝም፣ እሁድ ከሰዓት በኋላ እመጣለሁ ብለዋል።

እንዲህ ያለ ነገር ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? የልጅቷ አባት ቤት ሊፈትሽ ሲመጣ! አብዮት ጥበቃ እንኳን ለፍተሻ ሲመጣ ቀኑን ቆርጦ አይናገርም።

ከዚያች ቀን ጀምሮ አንድ ቦታ መቀመጥ አቃተኝ። እነሣለሁ፣ ክፍሏን አያለሁ፣ እወጣለሁ፣ ተመልሼ አያታለሁ። ያው አራት እርምጃ። በመጨረሻ ድህነቴን የሚሸፍንልኝ ኮረንቲ ነው ብዬ ወሰንኩ። ሬዲዮ ከዘፈነ፣ የራስጌ መብራት ከበራ፣ ሻይ በኤሌክትሪክ ምድጃ ከፈላ ማን ይህን ቤት የደሃ ቤት ይለዋል? ሬዲዮውን ከአንዱ፣ ምድጃውን ከሌላው፣ ሶፋውን ከእትዬ አበበች ተዋስኩ። ስኳሩን ከቀበሌ ሱቅ ተሰልፌ አመጣሁ። እትዬ አበበች፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ከሳሎናቸው ሶኬት ኮረንቲ እንድስብም ፈቀዱልኝ። የቀረኝ ገመዱ ነው።

ፒያሳ፣ ጋሽ ሸምሱ ሱቅ ሄድኩ። ጋሽ ሸምሱ ዕቃ ከመሸጣቸው በፊት ሰውን ይመረምራሉ። ምን ልትሰካበት ነው? አሉኝ። ሬዲዮ አልኩ። ሌላስ? መብራት። ሌላስ? ትንሽዬ ምድጃ። «ትንሽዬ ምድጃ የሚባል የለም» ብለው ወፍራም ጥቁር ገመድ አወረዱ። አውራ ጣቴን ያህላል! ሰሌን ስር ባስገባው እባብ የተኛ ነው የሚመስለው። እኔ ደግሞ ገመዱ እንዲታይ አልፈልግም። ኮረንቲው የራሴ መምሰል አለበት። አጠገቡ የተሰቀለውን ቀጭን ነጭ ገመድ አሳየኋቸው። ሃያ ሜትር ነው፣ ስፒናውም ሶኬቱም ተገጥሞለታል፣ አልቆርጠውም አሉ።

«ወላሂ ልጄ፣ ይኼ የመብራት ገመድ ነው፣ ምድጃ አይችልም። ከምንጣፍ ስር አታሳልፈው። ትርፉንም ጠቅልለህ አታስቀምጠው፤ ኮረንቲ ሲሄድበት እርስ በርሱ ይሟሟቃል። ከመጠምጠም መማር ይቅደም!»

እሺ፣ እሺ፣ እሺ አልኳቸው። የቸኮለ ሰው እሺ ማለት ምን ያቅተዋል? ነጩን ይዤ ወጣሁ።

እሁድ ደረሰ። ገመዱን በመስኮት አስገብቼ በሰሌን ስር አሳለፍኩት። ስምንት ሜትሩ በቃኝ። አሥራ ሁለቱስ የት ይግባ? አሳምሬ ጠቀለልኩት፣ በክር አሰርኩት፣ ከሶፋው ስፖንጅ ስር ሸጎጥኩት። ከመጋረጃው ኋላ፣ በገመዱ ጫፍ ባለው ባለ ሦስት ቀዳዳ ሶኬት ላይ ምድጃውን፣ ሬዲዮውንና መብራቱን ሰካሁ። ሁሉም ሠራ። ብቻዬን አጨበጨብኩ።

ጋሽ ጴጥሮስ ከጋሽ ላንቃሞ ጋር መጡ። ግራጫ ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰዋል። የክብር ቦታው የት ነው? ሶፋው ነዋ! ተቀመጡ። ሬዲዮው ይዘፍናል፣ ሻዩ ይፈላል። ዙሪያውን ቃኙና «ደህና ነው» አሉ። ልቤ በደስታ ልትፈነዳ!

ከሩብ ሰዓት በኋላ ጋሽ ጴጥሮስ ወደ ግራ ዘንበል አሉ። ቆየት ብለው ወደ ቀኝ። ቆየት ብለው ብድግ። የእኛን ነገር ታውቁታላችሁ፤ ትልቅ ሰው ቆሞ ማን ይቀመጣል? እኔም ጋሽ ላንቃሞም ብድግ! «ኧረ ይቀመጡ! በሞቴ!» ተቀመጡ። ብዙም ሳይቆዩ እንደገና ተነሡ። «ኧረ በእግዜር! ምነው፣ ቤቱ አልተመችዎትም እንዴ?» ስላቸው ደነገጡና ተቀመጡ። በሦስተኛው ጊዜ ትከሻቸውን ይዤ በአክብሮት ጫን አደረግኋቸው። ፊታቸው ላብ በላብ ሆኗል። እኔ የአዋሳ ሙቀት መስሎኛል። ሰውዬው ወንበሩ አቃጠለኝ ቢሉ ምን ነበረበት? ግን የሰው ቤት ወንበር አቃጠለኝ ይባላል? ቀጭን ገመድ ቤት ያቃጥላል ይላሉ፤ እኔ ይሉኝታም ያቃጥላል ባይ ነኝ።

መስኮቱን ልከፍት ስነሣ ሽታው መጣ። ጋሽ ላንቃሞ ሻዩ አረረ አሉ። ሻይ ያርራል እንዴ? ዞር ስል ከጋሽ ጴጥሮስ ኋላ ጭስ ይትጎለጎላል። እሳቸው እንደተቀመጡ ናቸው! «ኧረ ይነሡ!» ብዬ ጮህኩ። እንዲያ ያለ ፈጣን ታዛዥ አይቼ አላውቅም።

ሶፋው ቦግ አለ። እኔ የውሃ ባልዲ አነሣሁ። ልደፋው ስል ጋሽ ጴጥሮስ እጄን አፈፍ አድርገው ያዙኝ። «ተው! ትሞታለህ! መጀመሪያ ከሶኬቱ ይነቀል!» አሉ። ክሊኒክ ውስጥ ኮረንቲ የያዘው ስንት ሰው አይተዋል። ጋሽ ላንቃሞ እየጮሁ ወደ ትልቁ ቤት ሮጡ፣ እትዬ አበበች ስፒናውን ነቀሉት። ውሃው የተደፋው ከዚያ በኋላ ነው። ያቺ እጅ ባትይዘኝ ኖሮ ዛሬ አላወጋችሁም።

ጋሽ ጴጥሮስ ወዲያው ወጡ። አወጣጣቸው ግን ገረመን። ፊታቸውን ወደ እኛ አድርገው፣ እጅ እየነሡ፣ የኋሊት እየተራመዱ እስከ ግቢው በር! ጋሽ ላንቃሞ «እንዲህ ነው ጨዋ ሰው» አሉኝ።

ሦስት ቀን መልስ ጠፋ። ሶፋው ተቃጥሏል፣ እትዬ አበበች አኩርፈዋል፣ ማርታም አመለጠችኝ። በአራተኛው ቀን ጋሽ ላንቃሞን ልኬ በር ላይ እየተንጎራደድኩ ጠበቅሁ። እየሳቁ መጡ። ተፈቅዷል!

እንዴት? ምን ብለው? አልኳቸው። ጋሽ ጴጥሮስ ያሉት እንዲህ ነው፦ «የዚያን ዕለት ሱሪዬ ከኋላ ምን እንደሆነ ያ ልጅ ሳያይ አይቀርም። ባዳ ሆኖ ከቀረ ለአዋሳ ሁሉ ያወራዋል። አማች ከሆነ ግን ገመናዬን መሸፈን ግዴታው ነው።»

እውነቱን ልንገራችሁ? በዚያ ሁሉ ጭስ መሃል እኔ ምንም አላየሁም።

«በደንብ አድርጎ አይቷል በሏቸው» አልኩ።