ዕድራችን አረንጓዴ ቦንድ ሲገዛ

በ2017 ዓ.ም. ሰባ ስምንት ዓመቴ ነበር። መቼም የዕድር ሊቀመንበር ሁሉ አንድ ነው፤ አዲስ ነገር ከሰማ እንቅልፍ የለውም። በእናንተስ ሰፈር እንዲህ አይደለም? የእኛው የጉለሌው አቶ ተሰማ ደግሞ ከስብሰባ አረንጓዴ ቦንድ የሚባል ነገር ይዞልን መጣ። የዕድሩን ገንዘብ ለከተማው እናበድራለን፤ ከተማው ከእንጦጦ የሚወርደውን ጎርፍ የሚመልስ ግንብ ይሠራበታል፤ ከአምስት ዓመት በኋላ ከነወለዱ ይመልስልናል።

ግንቡንስ እኔም እፈልጋለሁ። ባለፈው ክረምት ውሃው አልጋዬ ሥር ገብቶ አድሯል። ግን ዕድር የተቋቋመው ሰው ለመቅበር አይደል እንዴ?

"እስከዚያ ሰው ቢሞትብንስ?" አልኩ።

"እንጠነቀቃለና፣ ጋሼ" አለ ተሰማ።

ከሞት ደግሞ እንዴት ነው የሚጠነቀቁት? የጉባኤው ሰዎች አንድ በአንድ ፊታቸውን ወደ እኔ አዞሩ።

"ጋሼ፣ ያ ሳልዎ እንዴት ሆነ?" አለች ጎረቤቴ አስካለ፣ በስጋት።

"ተመስገን፣ ለቆኛል" አልኩ። ወዲያው ጉሮሮዬን ከነከነኝ፤ እንባዬ እስኪመጣ ዋጥኩት።

"ይኸው፣ ደህና ናቸው" አለ ተሰማ፤ እጅ አውጡ ተባለ። አልጋዬን አሰብኩና ከሁሉም ቀድሜ አወጣሁ።

በማግስቱ ጠዋት፣ ልጆቼ ስንት ዓመት ለምነውኝ እምቢ ያልኩት ጤና ጣቢያ፣ በሩ ሳይከፈት ደርሼ ተሰለፍኩ።