ወንበሩን የማያስነካው ፓይለት

እናንተ ሠፈር ስለ ውል እያወራ የማይደክመው ሰው አለ? እኛ ናታን አለን። ጆሃንስበርግ ያደገ፣ የእማማ አስቴር አንድ ልጅ፣ ፓይለት ነው። የፓይለቶች ማኅበራቸው ውል አየር መንገዱ በረራዎቹን አንስቶ በርካሽ ለሚያበር ለሌላ ኩባንያ እንዳይሰጥ ያግዳል። ናታን ይህን አንቀጽ እንደ አባታችን ሆይ በቃሉ ይዞታል።

አንድ ቀን ከከተማው ዳር ጻካኔ ወዳለችው ስፓዛዬ፣ ወደ ትንሿ ሱቄ፣ መጣ። ቸርች ስሄድ ሱቁን ጎረቤቴ እንደሚጠብቅልኝ ነገርኩት። ምን አለፋችሁ፣ ፊቱ ተለዋወጠ።

"ጋሼ፣ በዚህ ነው የሚጀምረው። ዛሬ አንድ ሰዓት፣ ነገ ሙሉ ቀን፣ ከዚያ ሱቁ የማን ሊሆን ነው? የራስህን ሥራ ለሰው አትስጥ። ነቨር።"

አማርኛ የማትሰማው ደንበኛዬ እንኳ ዳቦዋን እንደያዘች በአክብሮት ቆማ አዳመጠችው።

ሊወጣ ሲል ድምፁን ዝቅ አደረገ። "እሁድ በረራ አለኝ። እማዬን ሄደህ ጠይቅልኝ፣ እባክህ።"

ይህንን የሚያግድ አንቀጽ የለም ማለት ነው?

እሁድ ከቸርች መልስ እናቱ ወደሚኖሩበት ሮዘተንቪል ሄድኩ። እማማ አስቴር በሩን ከፈቱልኝና በትከሻዬ ላይ አሻግረው ወደ ኋላዬ ተመለከቱ። ከኋላዬ ማንም አልነበረም። ለእሱ የሠሩትን ዶሮ ለእኔ አቀረቡልኝ፤ እንዳላስቀይማቸው በላሁ።

"ያንተን እናትስ ማን ይጠይቅልሃል?" አሉኝ።

"አገር ቤት፣ ሆሳዕና ከተማ ያለ አንድ ጓደኛዬ" አልኩ። "በየእሁዱ ይሄድልኛል።"

ወጥ ጨመሩልኝ። እናቴም ለጓደኛዬ በር በከፈተች ቁጥር ወደ ኋላው እንደምታይ የገባኝ ያን ጊዜ ነው።