ለልጄ የመኪና ላይ ድንኳን ስመርጥ

ድንኳን መምረጥ በሬ ከመምረጥ ይከብዳል። በሬ ሲሆን ጥርሱን ታያለህ፣ ጀርባውን ትዳብሳለህ፣ ትንሽ ታስኬደዋለህ፣ አለቀ። ድንኳን ግን ገበያ ላይ ተጠቅልሎ ሲተኛ ሁሉም አንድ ነው። ጠባዩን የምታውቀው ዝናብ ሲመጣ ነው። ያን ጊዜ ደግሞ ሻጩ የለም።

ገበሬ ሰው ድንኳን ምን ይሠራለታል ትለኝ ይሆናል። እውነትህን ነው። ለራሴ አልነበረም። ለልጄ ጎጆ ነበር የምመርጠው። ያውም የሚቆመው መሬት ላይ አይደለም፤ የጭነት መኪና አናት ላይ ነው። ቆይ፣ አትሳቅ። እኔም ያኔ አልሳቅሁም።

ነገሩ በደርግ ጊዜ ነው። ቤታችን ከአርዲቦ ሐይቅ ከፍ ብሎ ነበር። ልጄ ሀዋ ለማግባት ስትደርስ ይማም የሚሉት ሾፌር ሽማግሌ ላከብኝ። የማኅበራችንን እህል ሊጭን ሲመላለስ አይቷት ነው። እሷም አይታዋለች። ይህን የሰማሁት ከእናቷ ከፋጡማ ነው፤ ለእኔማ ማን ይነግረኛል? ብዙ የማልናገር ሰው ነኝ። ፋጡማ ስትናደድ፣ ከአንቱ ጋር ከመጣላት ከገደል ጋር መጣላት ይሻላል፣ ገደል እንኳ ይመልሳል ትለኛለች።

ሽማግሌዎቹ ብዙ አወሩ። የልጁን ዘር አነሱ፣ ሶላቱን አነሱ፣ መጠጥ አለመቅመሱን አነሱ። እኔ አንድ ነገር ብቻ ጠየቅሁ። የሚያስገባት ጎጆ አለው ወይ?

እንደገና ወደ ዘሩ ተመለሱ።

በእኛ ዘንድ የልጅቱ አባት ሄዶ የጎጆውን ምሰሶ ይዞ ይነቀንቃል። ምሰሶው ከተነቃነቀ ጫማውን አድርጎ ይመለሳል። ይማም ግን ምሰሶ የሚተክልበት መሬት አልነበረውም። መሬት የሚሰጠው የገበሬ ማኅበሩ ነው፤ ሾፌር ደግሞ ገበሬ አይደለም። ደሴ ላይ የቀበሌ ቤት እንዳይጠብቅ፣ ጠባቂዎቹ ተራቸው ሳይደርስ ሽበት አብቅለው ነበር። የሚያድረው ጋቢናው ውስጥ ነው። መኪናውም የአጎቱ ነው።

እንቢ አልሁ። እውነቱን ልንገርህ፣ የከበደኝ ድህነቱ አልነበረም። ልጄን አንድ ቀን ሚሌ በረሃ ላይ ተቆጥቶ ቢያወርዳት የምትገባበት በር የላትም። ይህን ግን ለሽማግሌ አይናገሩትም።

ሀዋ ብታለቅስ ደግ ነበር። አላለቀሰችም። ዝም አለች። ራት ታቀርባለች፣ ገበታ ታነሳለች፣ ቃል የለም። ዝምታውን ከእኔ ነው የወረሰችው፤ ሲመልሱልህ ደግሞ እንዴት ይከብዳል! ፋጡማ ከሁለት ድንጋይ ጋር ተቀምጬ ምን ልሁን ብላ ጎረቤት እየዋለች መምጣት ጀመረች።

በኋላ ይማም ራሱ መጣ። ከጋቢናው በላይ ጣውላ አነጥፋለሁ አለ። ጭነቱ ከኋላ፣ ቤቱ ከላይ። መኪናው ሲሄድ ሀዋ ጋቢና ትቀመጣለች፤ ሲቆም በመሰላል ወጥታ ቤቷ ትገባለች። ድንኳኑን እርስዎ ይምረጡልኝ አለ። ብልጥ ነው። እኔ ከመረጥሁት ምን ብዬ እነቅፈዋለሁ?

ጎረቤቴ አያ ተሰማ እዚያው ነበር። እሱ ክርስቲያን ነው፣ እኔ እስላም፤ በሬ ግን ለዘመናት አቀናጅተን አርሰናል። በሩ ወዴት ይዞራል? ብሎ ጠየቀ። ይማም፣ ወደፈለጉበት፣ መሪውን ማዞር ነው አለ። አያ ተሰማ ወደ እኔ ዞሮ፣ "በል እንግዲህ አያ እንድሪስ፣ ነፋስ ሲመጣ ፊቱን የሚያዞር ቤት አይተህ ታውቃለህ? የእኔ ቤት ስንት ዘመን ሙሉ ጭሱን ዓይኔ ላይ ሲያቦን ይኖራል" አለኝ። ሀዋ ከጓዳ ሳቀች። ድምጿን ከሰማሁ ሰንብቼ ነበር። እሺ፣ ገበያ እንውረድ አልሁ።

ሐይቅ ከተማ ገበያ ወረድን። እኔ፣ ይማምና አያ ተሰማ። አንዱ ነጋዴ ዙሪያውን ገላምጦ ከሱቁ ኋላ ወሰደንና አረንጓዴ የወታደር ድንኳን ገለጠልን። ወፍራም ነው፤ ስፌቱ ጥፍር አያስገባም። እኔ ወድጄው ነበር። አያ ተሰማ ግን፣ መጀመሪያው ኬላ ላይ ድንኳኑ እዚህ ነው፣ ወታደሩ የት አለ ቢሉት ምን ይላል? አለ። ለልጅህ ባል ነው የምትፈልገው ወይስ ለግንባር ምልምል? ተውነው።

ከዚያ የቅሬያችን ድንኳን ታሰበ። ለቀብር የምንተክለው ነው፤ አርጅቶ ሊለወጥ ነበር። ይህን ለፋጡማ ያማከርሁ ዕለት የሰማሁትን እዚህ አልደግመውም። በአጭሩ፣ ሙሽራ ከለቀስተኛ ድንኳን አትገባም አለች።

ሌላው ደግሞ ነጭ የእርዳታ ሸራ ዘርግቶ ነበር። ቀላል ነው፣ ውሃ አያስገባም፣ እንዲያውም ለመኪና የተሰፋ ይመስላል። ሻጩ ያወድሳል። እኔ ጫፉን ይዤ ቀረሁ። እናቴን በዚያ ክፉ ቀን የሸኘኋት ከእንዲህ ያለ ሸራ ሥር ነው። ይማምም ምንም አልጠየቀኝ። ሸራውን ከእጄ ቀስ አድርጎ ወሰደና ጠቅልሎ መልሶ አስቀመጠው። "እንሂድ አባ" አለኝ። ይህ ልጅ ደህና ሳይሆን አይቀርም ብዬ ያሰብሁት ያን ጊዜ ነው። ለእሱ ግን አልነገርሁትም። ለምን እነግረዋለሁ?

በመጨረሻ ሐይቅ ያለ ልብስ ሰፊ ከአቡጀዴ ደርቦ እንዲሰፋልን ተስማማን። አሁን ጉዳዩ ምሰሶው ሆነ። ይማም ቀጭን ብረት አሳየኝ፤ ሲሄድ የሚነቀል፣ ሲቆም የሚተከል። እኔ ተቆጣሁ። የሚነቀል ምሰሶ ያለው ትዳር ምን ዓይነት ትዳር ነው? ወይራ ቆረጥሁ። ሽማግሌዎች ተሰበሰቡ፤ ዱዓ ተደረገ፤ አያ ተሰማም በበኩሉ መረቀ፤ ወይራው በጣውላው አልፎ በሚስማርና በጠፍር ታሰረ። ነቀነቅሁት። ንቅንቅ አላለም። የተመረቀ ምሰሶ ደግሞ አይነቀልም፤ የነቀለው ሰው የራሱን ቤት ነቀለ ማለት ነው። ስለዚህ ይማም ምሰሶውን እንዳቆመ ወደ ሰፊው ነዳ።

የአብዮቱ በዓል ሰሞን ነበር። ሐይቅ ከተማ መግቢያ ላይ ከግንድ ወደ ግንድ ቀይ ጨርቅ ተወጥሯል፤ መፈክር ተጽፎበታል። መኪናው በሥሩ ያልፋል። ምሰሶዬ አያልፍም። ጨርቁን ጠልፎ ይዞት ሄደ። እኔ ጋቢና ከይማም ጎን ነኝ፤ ምንም አላየሁም። ያየሁት ሕዝቡ ሲያጨበጭብ ነው። መንገድ ዳር ያለው ሁሉ ተነሥቶ ያጨበጭባል። ይማም፣ ምን አግኝተው ነው? አለኝ። ምሰሶውን ወደውት ይሆናል አልሁት። ኬላው ጋ ስንደርስ ጠባቂው ገመዱን አውርዶ፣ ቀጥ ብሎ ሰላምታ ሰጠን። ወላሂ! እኔም ደንግጬ እጄን ግንባሬ ላይ አደረግሁ። ከኬላው ማዶ ወርደን ወደ ላይ ስናይ ቀዩ ጨርቅ ከወይራዬ ላይ ይውለበለባል።

ይማም ላብ አጠመቀው። የመንግሥት መፈክር ሰርቆ መሄድ ምን እንደሚያስከፍል እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ። ጠቅልለን ወስደን ለቀበሌው፣ ነፋስ ጥሎት አገኘን ብለን ሰጠን። ሊቀመንበሩ ስለ ንቃታችን አመሰገነን።

ቤት ስገባ ሀዋ ሰምታ ጠበቀችኝ። ያን ዕለት ዝምታዋን ጨረሰች። "አባ፣ ገበያ ወጣችሁ፣ ሰፊ ጠራችሁ፣ ምሰሶ መረቃችሁ። የምኖርበትስ እኔ አይደለሁም ወይ?" አለች። ከእናቷ ጋር ባቲ ገበያ ስትወርድ የአፋር ሴቶችን አይታለች። ቤታቸው የሚታጠፍ እንጨትና ሰሌን ነው፤ በግመል ይጫናል። ሠሪዋ ሴቷ ናት፣ አፍራሿ ሴቷ ናት፣ ቤቱም የእሷ ነው። ባል ቢያስቀይማት ቤቷን ጠቅልላ ትሄዳለች፤ ሰውየው ፀሐይ ላይ ይቀራል። እንደዚያ ዓይነት እሠራለሁ፣ አቡጀዴውን ከላይ አለብሰዋለሁ አለች። ቀጥላም፣ "መኪናው የአጎቱ፣ መንገዱ የመንግሥት፣ ቤቱ የእኔ" አለች።

ለሽማግሌ ያልተናገርሁትን ፍርሃቴን ከየት አወቀችው? ይማም ይስማማ እንደሆነ ጠየቅሁት። "እኔማ ድሮም ጋቢና ነው የማድረው፤ ካባረረችኝ ወደ ቤቴ ገባሁ ማለት ነው" አለ። ኒካው ታሰረ። ወይራውንም፣ ተነቀለ እንዳይባል፣ እዚያው ለመሰላሉ ቋሚ አደረግነው።

እኔ ግን እልኸኛ ነኝ። እዚያ ላይ አልወጣም አልሁ። ቤት ብዬ የምገባው አንድ ቦታ ሲቆም ነው። ሀዋ በመጣች ቁጥር ከላይ ሆና ትጠራኛለች፤ እኔ ከታች ቆሜ ሰላም እላታለሁ። ምግቧን ለፋጡማ ታቀብላለች፤ ፋጡማ ለእኔ ታቀብላለች። ልጄ ከላይ ስታየኝ ፊቷ ጥቁር ይላል። አይቻለሁ። ግን አልወጣሁም።

ከዚያ መንደር ምሥረታ የሚሉት መጣ። ተበታትናችሁ አትኖሩም፣ ሜዳው ላይ በመስመር ትሰፍራላችሁ ተባለ። ካድሬው ገመድ ወጠረ፣ ካስማ ቸከለ፤ ቤታችሁን አፍርሱና አምጡ አለን። አባቴ የተከለውን ምሰሶ በገዛ እጄ ነቀልሁት። ስነቅለው አያ ተሰማ አጠገቤ ነበር፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ ቀልድ ሌላውን ጫፍ ያዘልኝ።

እንጨቱን ያጓጓዘልን ይማም ነው። ሜዳው ላይ አራግፎ ሳንጨርስ የበልግ ዝናብ ወረደ። ጣሪያ የለ፣ ግድግዳ የለ። ፋጡማ ቀድማ መሰላሉን ወጣች። እኔ የተቆለለ እንጨቴ አጠገብ ቆሜ ረጠብሁ። ሀዋ በሩን ገልጣ፣ "ይግቡ አባ" አለች። ወጣሁ። አንድ ጠብታ አያስገባም። ውስጡ ይሞቃል። ቀና ብዬ ስቀመጥ የታጠፈውን እንጨት ነቀነቅሁት፤ ልማድ ነው። ሀዋ አየችኝ። "ደህና ነው" አልኋት። እሷ ፊቷን አዙራ የማያስፈልግ ዕቃ ማስተካከል ጀመረች።

ካባራ በኋላ ካድሬው መጣ። ሜዳው ሁሉ ጭቃና የፈረሰ እንጨት ነው። አለቆቹ ሊጎበኙ ሊመጡ ነውና አንድ የቆመ ቤት አጥቶ ተጨንቋል። መኪናው ላይ ያለውን አየ። በር አለው፣ ሰው አለው፣ ጭስ ይወጣዋል። ግን ከገመዱ ወጥቷል። "ይህ ቤት መስመሩን ይጠብቅ!" ብሎ ጮኸ። ይማም፣ እሺ ጓድ አለና ሞተሩን አስነሣ። ከነፋጡማ፣ ከነእኔ፣ ከነድስቱ ወደ ኋላ ሄዶ ገመዱን አስተካክሎ ቆመ። ካድሬው አጨበጨበ። ሳይንገራገር መስመር የገባ ቤት ብሎ ለሕዝቡ አሳየን። ቀለም አስመጥቶ በመኪናው ጎን ላይ ቁጥር አንድ ብሎ አስጻፈ። እኔ፣ ዘመኔን ሙሉ አንድ ቦታ የኖርሁት፣ ኋላ ላይ ቤቴን ስተክል ቁጥሬ ከመጨረሻዎቹ ነበር።

ይማም ሥራ አለውና ሄደ። አለቆቹ የመጡ ዕለት ካድሬው ከእነሱ ፊት ፊት እየሮጠ ከመስመሩ መጀመሪያ ላይ ደረሰ። ባዶ ሜዳ። የጎማ ዱካ ብቻ። እኔን አየኝ፤ የባለቤቲቱ አባት መሆኔን ያውቃል። ላብ እያንጠፈጠፈ፣ "አባት፣ ቁጥር አንድ ምን ሆነ?" አለኝ።

"አሰብ ወርዷል፣ ጨው ሊያመጣ" አልሁት።

"ከነሰዎቹ?"

ይህን ያህል ሰው አፈናቅሎ እንዲህ ብሎ ይጠይቀኛል!

"እንዴ ጓድ" አልሁት፣ "ቤት ያለሰዎቹ ይሄዳል እንዴ?"