የበረኛው ሥዕል ጉድለቶች

ቀን፦ ማክሰኞ፣ ለ4፡00 ተጠርቶ ሰብሳቢው ሲገቡ 4፡50 ተጀመረ
ቦታ፦ የወደቡ አስተዳደር፣ መስኮቱ የማይከፈተው ክፍል
የተገኙ፦ ሥራ አስኪያጁ (ሰብሳቢ)፣ የደህንነት ኃላፊው፣ የጥገና ኃላፊዋ፣ እኔ ጸሐፊዋ
ምልዓተ ጉባኤ፦ አምስት። አንድ ሰው ስለጎደለ በረኛው በሠራተኛ ተወካይነታቸው ከበሩ ተጠርተው ሞላ።

አጀንዳ 1፦ የበረኛው የውሃ ቀለም ሥዕል በእንግዳ መቀበያው ስለመሰቀሉ

በረኛው ዓርብ ጡረታ እንደሚወጡ፣ መርከብ ሲራገፍና ወደቡ ሲተራመስ የሚያሳየውን ይህን ሥዕል በሦስት ዓመት የምሳ እረፍታቸው እንደሣሉት፣ ከሠላሳ አንድ ዓመት በኋላ ሌላ የሚተዉት ነገር እንደሌለ ገልጸው እንዲሰቀልላቸው ለመኑ። ጉባኤው ሥዕሉን እጅግ ስላደነቀ ጉድለቱን መፈለግ ጀመረ።

የደህንነት ኃላፊው ከሃያ ስድስቱ ጫኝና አውራጆች አንዱም ሄልሜት እንዳላደረገ ቆጥረው ደረሱበት። በረኛው ሰዎቹ በእውኑም ተሰጥቷቸው እንደማያውቅ ሲያስረዱ፣ ኃላፊው የተያዘው ጉዳይ ሥዕል እንጂ እውነት አይደለም አሉ። ከረጅም ውይይት በኋላ ሃያ ስድስት ሄልሜት እንዲሣል ተወሰነ።

አጀንዳ 2፦ በክሬኑ ላይ ስለተሣለችው ወፍ

የጥገና ኃላፊዋ ሦስተኛው ክሬን በሪፖርት ከተጠገነ ዓመት እንዳለፈው አስታውሰው፣ ወፍ ጎጆ ሠርታበት መታየቱን ተቃወሙ። ወፏ ሪፖርቱ አልደረሳት ይሆናል። በረኛው ቀለሙ ከተፋቀ ወረቀቱ እንደሚቀደድ ቢናገሩም፣ ወፏ በጥንቃቄ እንድትፋቅ ተወሰነ።

አጀንዳ 3፦ ልዩ ልዩ

ሰብሳቢው መነጽራቸውን አውልቀውም አድርገውም ሥዕሉን ሲመረምሩ ቆይተው፣ «ጋሼ፣ እኔስ የት ነኝ?» ብለው ጠየቁ።

በረኛው፣ «በሥዕሉ ውስጥ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት ይዩት እንጂ፣ ጌታዬ። ሦስት ተኩል ነው፤ ገና አልገቡም» ሲሉ መለሱ።

ጉባኤው ለጥቂት ደቂቃ ጣሪያውን ተመለከተ። ከረጅም ውይይት በኋላ (የተወያዩት ሰብሳቢው ብቻቸውን ነው) ሰብሳቢው ከመርከቡ ፊት ሲያዝዙ በትልቁ እንዲጨመሩ፣ እስከዚያው ሥዕሉ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ እንዲሰቀል በአራት ድምፅ ተወሰነ። አንዱ እጅ የእኔ ነው። ምን ላድርግ፣ የልጆች እናት ነኝ።

በረኛው፣ «እኔ በር የጠበቅሁት ፊቴን አዙሬ አይደለም» ብለው ሥዕላቸውን በብብታቸው ይዘው ወጡ።

ማጠቃለያ፦ በደንቡ አንቀጽ 9 መሠረት ስብሰባው ሳይዘጋ አባል ጥሎ ከወጣ ውሳኔው ሁሉ እንደሚሻር አነበብኩ። አንብቢ ያለኝ ሰው አልነበረም። ስለሆነም ከላይ የተወሰነው ሁሉ እንዳልተወሰነ እንዲቆጠር ሳይወዱ በግድ ተወስኖ 6፡40 ተበተንን።

ለምሳ ስንወጣ ሥዕሉ በጥበቃ ቤቱ መስኮት ላይ፣ ፊቱን ወደ መንገድ ሰጥቶ ተሰቅሏል። ጫኝና አውራጆቹ ተሰብስበው እያንዳንዳቸው ራሳቸውን በጣት እያሳዩ ይስቃሉ። ሰብሳቢው ከኋላቸው በእግራቸው ጣት ቆመው ገና ይፈልጉ ነበር።