የአማቴ ቅቤና የእኔ ክሮሳንት

ጉዴን ስሙልኝማ! ከደርግ ጊዜ ጀምሮ አፍኜ የያዝኩትን ነገር ዛሬ ልጄ ልታስለፈልፈኝ ነው።

ምን አደረገች? ፉድ ፕሮሰሰር የሚሉትን ሊጥ ማቡኪያ ማሽን ገዝታ መጣች። "እማዬ፣ እሑድ የእጮኛዬ እናት ይመጣሉ፤ ክሮሳንት ልጋግርላቸው ነው" አለችኝ።

ሳቄ አመለጠኝ። ከዚያ ፊቴ በእፍረት ጋለ። "ምን ሆነሽ ነው?" ስትለኝ "ምንም" አልኳት።

ውሸቴን ነው! ለሷ ያልነገርኳትን ለእናንተ ልናገረው።

ያኔ ሆሳዕና ውስጥ የሚሲዮን ትምህርት ቤት አስተማሪ ነበርኩ። ካገባሁ ዓመት አልፎኛል። ባሌ ጴጥሮስ የሀዲያ፣ የሌሞ ልጅ ነው፣ እኔ ደግሞ የከምባታ፣ የዱራሜ። አማቴ በዚያ ዓመት ውስጥ አንድ ቀን እንኳ ቤታችንን አልረገጡም። "ሙሽሪት ቆጮ አታውቅም" የሚል ወሬ ደርሷቸዋል።

ወሬው እውነት ነበር!

ያደግኩት አዳሪ ትምህርት ቤት ነው። እንሰት መፋቁ ይቅርና ተዘጋጅቶ የመጣልኝን ቆጮ ስጋግረው እንኳ ግማሹ ያራል፣ ግማሹ ጥሬ ይቀራል።

አንድ ሐሙስ ጴጥሮስ ሌሞ ደርሶ ተመለሰና "እናቴ ቅዳሜ ትመጣለች" አለኝ። በኮባ የተጠቀለለ ቅቤም ይዞ ነበር። "እሷ ናት የላከችው" ብሎ መደርደሪያው ላይ አስቀመጠና ወደ ቀበሌ ስብሰባ ሮጠ። የዚያን ጊዜ ስብሰባ ታውቁታላችሁ፣ ማርፈድ የሚባል ነገር የለም።

እኔ ጭንቅ ውስጥ ገባሁ። ቆጮ ካቀረብኩ አለቀልኝ። ስለዚህ አማቴ ከማንም ምራት እጅ ጋር ሊያወዳድሩት የማይችሉት ነገር መሥራት አለብኝ።

ክሮሳንት!

አትሳቁ። ሚሲዮኑ ውስጥ ሲስተር የምንላቸው አንዲት ፈረንጅ መነኩሴ ነበሩ፤ ይህን በቅቤ የሚነባበር የአገራቸውን ዳቦ ለገና ጋግረው አቅምሰውን ነበር። አሠራሩን በእጃቸው ጽፈው ሰጡኝ። ከአገራቸው የመጣላቸውን ፉድ ፕሮሰሰርም አዋሱኝ። "ቅቤው ቀዝቃዛ ይሁን" ብለው ሦስት ጊዜ ደጋገሙልኝ። ስለ ቅቤው ሌላ የሚነገር ነገር እንዳለ እሳቸውስ በምን ይወቁ?

ቅዳሜ ጠዋት ከቀበሌ ሱቅ ተሰልፌ የገዛሁትን ዱቄት ማሽኑ ውስጥ ጨመርኩና ሰካሁት። ጩኸቱ ሰፈሩን አናጋው። ጎረቤቴ በአጥሩ በኩል "ወፍጮ ቤት ከፈታችሁ እንዴ?" አለችኝ። ኮራሁ!

ቅቤውን ከነኮባው ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ አሳድሬው ጠጥሯል። ፈታሁት። አረንጓዴ ነገር ጣል ጣል ብሎበታል። "የኮባው ፍርፋሪ ይሆናል" ብዬ አለፍኩት።

ለምን አላሸተትሽውም ትሉኝ ይሆናል። ጉንፋን! አፍንጫዬ ድፍን ካለ አራተኛ ቀኔ ነው።

ሊጡ መሃል አድርጌ አጠፍኩት፣ በጠርሙስ ዳመጥኩት፣ ደግሜ አጠፍኩት። ኦቨን የለኝም፤ ብረት ድስት ውስጥ ደርድሬ ከላይም ከታችም ፍም አደረግኩበት። ስከፍተው ቀላ ብሎ፣ ተነባብሮ፣ ኩፍ ብሎ ጠበቀኝ። ከእጄ እንዲህ ያለ ነገር ወጥቶ አያውቅም!

ጴጥሮስ ገባ። አንዱን አንስቶ ገመጠ። ማኘኩን አቆመ።

"አንቺ፣ ይሄ ነገር የሙሽራ ራስ ይሸታል" አለኝ።

ስቄ ሳልጨርስ ጋሪ ደጃችን ቆመ። አማቴ ነጠላቸውን አስተካክለው ገቡ፣ ሳሙኝ፣ ተቀመጡ። የሳቸው ቋንቋ ሀዲይኛ፣ የኔ ከምባትኛ፤ የምንገናኘው በአማርኛ ነው፣ ሁለታችንም ቃል እየመረጥን።

"ሙሽሪት" አሉኝ። "ዛሬ ራስሽን ቅቤ ልቀባሽ ነው የመጣሁት። በኛ ቤት ምራት ልጅ የምትሆነው ያን ጊዜ ነው። በአደስ ያሸሁትን ቅቤ የት አስቀመጥሽው?"

አደስ!

የፀጉር ቅቤ!

እኔ ጴጥሮስን አየሁት። ጴጥሮስ ድስቱን አየ። አማቴ ጴጥሮስን አዩት።

"ለምን እንደላክሁት አልነገርካትም?"

"ስብሰባ ረፍዶብኝ ነው እማ…" አለ ጓዱ ባሌ።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ዓመት ሙሉ የጠበቅኩትን ነገር በገዛ እጄ አጥፌ፣ ዳምጬ፣ ጋግሬዋለሁ! "ይቅር ይበሉኝ" አልኳቸው። "ዳቦ ውስጥ ከተትኩት።"

ተነስተው ድስቱን ከፈቱ። አንዱን አሸተቱት፣ ቆረሱ፣ ቀመሱ። ከዚያ ጀርባቸውን ሰጡንና ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ።

አስለቀስኳቸው ብዬ እኔም ልነፋረቅ ስል ዞር አሉ። እየሳቁ ነው! ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው፣ እንባቸው እስኪወርድ!

"ጴጥሮስ፣ ሚስትህ ዳቦውን ሞሸረችው" አሉ።

ድስቱ ውስጥ ከክሮሳንቱ ቀልጦ የወረደ ቅቤ ነበር። ሲስተር ቀዝቃዛ ይሁን ያሉኝ ለዚህ ነው መሰለኝ። አማቴ ጎንበስ ብለው አዩት።

"ነይ፣ ተንበርከኪ።"

ጣታቸውን ነክረው አናቴ ላይ አደረጉልኝ። ከነፍርፋሪው! "ውለጂ፣ ክበጂ። ቆጮውን እኔ አሳይሻለሁ፣ ልጄ" አሉኝ።

ልጄ አሉኝ።

አለቀስኩ። በደስታ ነው፣ ምንም አላፍርበትም።

በማግስቱ ቅዳሴ ላይ ሲስተር ከኋላዬ ነበሩ። ጎንበስ ብለው በሹክሹክታ "ክሮሳንቱ እንዴት ሆነ?" አሉኝ። ምን ልበላቸው? አናቴ ላይ ነው ልበላቸው?

አማቴ ከዚያ ወዲያ ቅዳሜ ቅዳሜ አይቀሩም ነበር። ቆጮውንም አስተማሩኝ፤ ዛሬ ማንም አይስቅብኝም። እስኪያርፉ ድረስ ግን እንግዳ በመጣ ቁጥር "ያን የሙሽራ ዳቦ አትጋግሪም?" ይሉኝ ነበር። ነፍሳቸውን ይማርና፣ እንዴት እንደሚናፍቁኝ!

ታዲያ አሁን ልጄ ኩሽና ውስጥ ማሽኑን ሰክታ "እማዬ፣ ቅቤ አምጪልኝ!" እያለች ትጮሃለች። እሑድ አማቷ እንዲወዷት ፈልጋለች።

ቅቤውን ከፍሪጅ አወጣሁ። መጀመሪያ አሸተትኩት። ንጹሕ ነው፣ ምንም የለበትም።

ንገሩኝ እስቲ፤ ትንሽ አደስ ጣል ላድርግበት ወይስ ይቅር?